ይነፍሳል ያሉት ማሽን

ኤርጎጌ ልጅ ሳለች ከሞት የተረፈችው በር ሥር ወድቃ በመገኘቷ ነው።

ከአምበሪቾ ተራራ ግርጌ ካለው መንደራቸው ዱራሜ ከተማ ድረስ በየቀኑ መመላለስ ስለማይቻል፣ እርሷና ታላቅ እህቷ ብርሃኔ እንደ ሌሎቹ የገጠር ተማሪዎች ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይማሩ ነበር። እሑድ እሑድ እናታቸው የሳምንቱን ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ታሸክማቸዋለች፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ብርሃኔ ታናሿን እየጎተተች ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ክረምቱ ገና ባልወጣበት በአንዱ የመስከረም ቀን ሁለቱም ዩኒፎርማቸው በዝናብ በስብሶ ገቡ። ለነገ የሚለብሱት ሌላ ልብስ አልነበራቸውም። ብርሃኔ ማንደጃውን ከነፍሙ ከደጅ አስገባችና ልብሱን በላዩ ዘረጋች። ብርድ እንዳይገባም በመስኮቱ ስንጥቅ ጨርቅ ወተፈችበት። ከዚያም ተቃቅፈው ተኙ።

በማግሥቱ አከራያቸው ብትጠራ ብትጠራ መልስ አጣችና በሩን ገፍታ ገባች። ኤርጎጌን ያገኘቻት ከደፉ ላይ፣ አፍንጫዋ ከበሩ ሥር ካለው ክፍተት ጋር ተጣብቆ ነው። መቼ ከአልጋ እንደወረደች፣ ምን ወደ በሩ እንደጎተታት እስከ ዛሬ አታውቅም። ብርሃኔ ግን በተኛችበት ቀርታለች።

ለቅሶው ላይ ብዙ ተባለ። አንዱ የሰው ዓይን ነው አለ፤ ሌላው የተከራዩት ቤት መንፈስ አለበት አለ። አጎታቸው ደግሞ ድንኳን ውስጥ ተነሥቶ፣ “ሴት ልጅ ከእናቷ ጓዳ ርቃ ምን ልትሆን ኖሯል?” ብሎ ሰውን ሁሉ ዝም አሰኘ። ኤርጎጌ የሞቱ ምክንያት እርሷ ራሷ ትመስላት ጀመር። ዝናቡ ሲይዛቸው “በረደኝ፣ በረደኝ” እያለች ያስቸገረችው እርሷ ነበረች።

ራሷን እያመማት ጤና ጣቢያ ስትመላለስ አንድ ድሬሰር አጠገቡ አስቀመጣት።

“ስሚ ልጄ፤ እህትሽን የገደላት የከሰሉ አየር ነው። አይታይም፤ አይሸትም። አየር ይመስላል እንጂ ሰው አያኖርም።”

“ታዲያ እንዴት ይታወቃል?”

“ይታወቃል። የሚለኩበት መሣሪያ አላቸው። የተማሩ ሰዎች ያውቁታል።”

አባቷ ትምህርቱ ይቅርብሽ ብሎ ቆርጦ ነበር። ኤርጎጌ ግን አልተኛችለትም፤ እህል እምቢ አለች። እናቷም በስተጀርባ ገብታ ለመነችላት። በመጨረሻ ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል ተፈልጎላት ወደ ዱራሜ ተመለሰች። የተማሩ ሰዎች ያውቁታል የተባለውን ነገር ለማወቅ ነበር የተመለሰችው።

አወቀችውም። አዲስ አበባ ገብታ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ተማረች። በክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት እርሷ ነበረች። ወንዶቹ ማሽን ከፍተው ዙሪያውን ሲከቡ ከኋላ ቆማ በትከሻቸው መሐል ታያለች፤ እነርሱ ለምሳ ሲወጡ ብቻዋን ትቀርና ከፍታ ትገጥመዋለች። ተመርቃ በተመደበችበት የዞን ሆስፒታል የጥገና ክፍሉ አለቃ በደስታ ተቀበላት፤ ደስታው ግን ለሌላ ነገር ነበር።

“እንኳን መጣሽ! መጋዘኑን የሚይዝ ሰው አጥተን ነበር። አንቺ እጅሽ ንጹሕ ነው፤ ወንዶቹ ያተራምሱብኛል።”

“የተማርኩት ጥገና ነው እኮ ጋሼ።”

“እሱንም ትደርሽበታለሽ። ምን ያስቸኩልሻል?”

መጋዘኑን ያዘች። ሥልጠና ሲመጣ የሚሄዱት ወንዶቹ ናቸው፤ ሴት ልጅ ሆቴል አድራ መሰልጠን አይሆንላትም ይባላል። የጨቅላ ማሞቂያው ሲበላሽ ወንዶቹ ሥልጠና ላይ ከሆኑ ያን ጊዜ “ኤርጎጌ የት አለች?” ትባላለች። ትጠግነዋለች። ሲመለሱ እንደገና ቁልፏን ይዛ መጋዘን ትገባለች። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ከእርሷ በኋላ የተቀጠሩት አለቆቿ ሆኑ፤ መጋዘኑ ግን በእርሷ እጅ እንደ መስታወት ጠራ ተብሎ ተመሰገነች።

ዱካሞ ከደቡብ አፍሪካ ለጋብቻ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የአገሯ ልጅ፣ ጸሎተኛ፣ አንደበቱ ለስላሳ ሰው ነበር። እዚያ ትልልቅ ሆስፒታል ሞልቷል፣ የተማረ ሰው ይፈለጋል አላት። ውሸት አልነበረም፤ ያላወቀው ወረቀቷን የሚያይላት አለመኖሩን ነው። ጆሃንስበርግ ገብታ ያገኘችው ስደተኛ መሆኗን የሚገልጽ ፔርሚት ብቻ ነበር፤ በእርሱም እንደ ባለሙያ መመዝገብ አልተቻለም። ዛንድስፕሩት በተባለው የድሆች ሰፈር በዱካሞ ስፓዛ፣ በትንሿ የሰፈር ሱቁ፣ በብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆማ ዳቦ፣ ሻማና የስልክ ካርድ ሸጠች፤ “ሳውቦና ማማ” ብላ በዙሉ ሰላም ማለትንም ከደንበኞቿ ለመደች። ፊቤ የተባለች ልጃቸውንም ወለደች።

ዱካሞ በሚስቱ መማር ይኮራ ነበር፤ ለሰው ማውራትም ይወዳል። ፍሪጅ ሊጠግን የሚመጣው አቢሶ ይህን ይዞ ይቀልድባታል። አቢሶ የሐበሾችን ሱቅ ሁሉ ፍሪጅ በአሮጌ ባኪ፣ በፒክአፕ መኪናው፣ እየዞረ የሚያስተካክል፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው።

“የዱካሞ ኢንጅነር! እስቲ ይቺን አምፖል ቀይሪልን!”

“አምፖሉን አንተ ቀይር፤ እኔ ያበላሸኸውን ፍሪጅ እሠራለሁ።”

“ወይ ጉድ! ዱካሞ፣ ሚስትህን ያዝልኝ፤ እንጀራዬን ልትቀማኝ ነው!”

በመጨረሻ በራንድበርግ በኩል የሕክምና መሣሪያ የሚጠግን አንድ ድርጅት ለጽዳት ቀጠራት። ከሆስፒታል የሚመጡትን መሣሪያዎች ከመከፈታቸው በፊት የምትጠርግ እርሷ ነበረች። አንድ ቀን ሲያቦንጋ የተባለ ወጣት ሠራተኛ ሊጥለው የነበረን የኦክስጅን ማሽን ከእጁ ተቀብላ አስነሣችለት። ከዚያ ወዲህ “ረዳት” ተባለች። ሲያ፣ እርሷ እንደምትጠራው፣ ሙያውን ከእርሷ ተማረ።

“ማማ ኤርጎ፣ አንቺ ባትኖሪ ይሄኔ የታክሲ ረዳት ሆኜ እጮህ ነበር” ይላታል።

“አሁንም ድምፅህ ለእሱ ነው የሚሆነው” ትለዋለች።

ሲያ የክፍሉ ኃላፊ ሲሆን ኬክ ቆርሶ መጀመሪያ ያጎረሰው እርሷን ነው። ከልቡ ነበር። እርሷ የጠገነችው ሁሉ ግን በእርሱ ፊርማ ይወጣል። የሆስፒታል ሰዎች መሣሪያ ሊረከቡ ሲመጡ ደግሞ ባለቤቱ ወደ ኋላ ክፍል እንድትገባ በትሕትና ይነግራታል። ደንበኛ አፍሮዋን በሻሽ ያሰረች ሴት በማሽን ላይ ሲያይ ይጠራጠራል ብሎ ነው። ኤርጎጌ ትገባለች። በግድግዳው በኩል ሲያ እርሷ ያስተማረችውን ቃል በቃል ሲያስረዳ ትሰማለች።

ወረርሽኙ ሲመጣ አገሩ ሁሉ ተዘጋ፤ የእነርሱ ድርጅት ግን በሥራ ተጥለቀለቀ። ቬንትሌተርና የኦክስጅን ማሽን በጭነት መኪና እየመጣ ይራገፋል። በመንገድ ለመንቀሳቀስ ፈቃድ ያስፈልግ ነበርና ባለቤቱ ለሠራተኞቹ ፈቃድ አሳተመ። ለኤርጎጌ አላሳተመም።

“ልጅ አለሽ፤ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። ቤት ብትሆኚ ላንቺም ይሻላል።”

“ሲያም ልጆች አሉት።”

“የሲያ ልጆች እናት አላቸው” አለ ሰውየው፤ አንዳች ክፉ ነገር የተናገረ አልመሰለውም። ሲረጋጋ እንጠራሻለን አላት። ጥሪው አልመጣም።

የሐበሻው ማኅበረሰብ በዚያ ዘመን ክፉኛ ተመታ። ሱቅ ፍርግርግ ቢኖረውም ትንፋሽ አይከለክልም፤ ከደንበኛ ወደ ሻጭ፣ ከሻጭ ወደ ቤት ይገባል። ሆስፒታል ሲሞላ፣ ፔርሚቱ ያለፈበት ሰው ደግሞ ወደ ሆስፒታል መሄድ ሲፈራ፣ የማኅበረሰቡ ኮሚቴ ገንዘብ አዋጥቶ የኦክስጅን ማሽኖች ገዛና በቤት ለተኙ በሽተኞች እያዞረ ያድል ጀመር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ከጆሃንስበርግ ማዶ ቶኮዛ የሚኖሩት ጋሽ ሽጉጤ ናቸው፤ ስንቱን አስከሬን ለአገሩ መሬት ያበቁ፣ በሁሉም ዘንድ የተከበሩ ሽማግሌ። ጉዳዩ የሚመከረው “የቤት ራሶች” በሚባለው የዋትስአፕ ቡድን ነው። ስሙ እንደሚለው በእርሱ ውስጥ ወንዶች ብቻ ናቸው። ኤርጎጌ ስለ ማሽኖቹ እንደሰማች ለጋሽ ሽጉጤ ደወለች።

“ሙያዬ ነው፤ ጥገናውን ልያዝላችሁ።”

“ተባረኪ ልጄ፤ ማሽኑ አቢሶ አለው። አንቺ የእህቶችን የጸሎት ሰንሰለት አስተባብሪልን። ሰው አሁን ጸሎት ነው የቸገረው።”

የጸሎቱን ሰንሰለት ያዘች፤ መጋዘኑን እንደያዘችው።

በሦስተኛው ማዕበል ሰሞን፣ እንደ ፈረንጆቹ በሁለት ሺህ ሃያ አንድ፣ በዚያ አገር የሰኔ ብርድ፣ የምሕረቱ ሚስት ፍሬገነት ታመመች። ሁለቱ ባልና ሚስት ከዱካሞ ሱቅ ብዙም ሳይርቅ ዛንድስፕሩት ውስጥ ይነግዱ ነበር። ኤርጎጌ ሾርባ ሠርታ ሄደች፤ ፊቷን ሸፍና ከበሩ ራቅ ብላ ቆመች። አቢሶ ማሽኑን ከሌላ ቤት አምጥቶ ደጁ ላይ እያጠበው ነበር። በሽታው ከቤት ወደ ቤት እንዳይተላለፍ ጂክ የሚባለውን በረኪና በውኃ በጥብጦ ከላይ ያፈስበታል፤ በጨርቅ ይፈትገዋል። የአየር ማስገቢያውን ስፖንጅም አውጥቶ ነክሮ ጨመቀውና ውኃው እየተንጠባጠበ መልሶ ወተፈው። ከፊት ለፊቱ ካሉት መብራቶች በአንዱ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል።

“አቢሶ፣ ይህን ፕላስተር ማን ለጠፈው?”

“እኔ ነኛ። ቢጫ መብራት ይበራና በሽተኛው ይደነግጣል። አንዷማ የሞት መልአክ ዓይን ነው ብላ አልጋዋ ላይ ተነሥታ ቆመች።”

“መብራቱ እኮ የሚበራው ኦክስጅኑ ሲያንስ ነው። ውኃ ደግሞ ውስጡን ያበላሸዋል። ውስጡ አየሩን የሚያጣሩ ነጫጭ ፍሬዎች አሉ፤ እርጥበት ከነካቸው አለቀላቸው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሚሰጠው ይኸው አንተና እኔ የምንስበውን አየር ነው።”

አቢሶ ማሽኑን ሰካና መዳፉን ቱቦው አፍ ላይ አስቀመጠ። “ይኸው! እንደ ጉድ ይነፍሳል! ነይ ንኪው ኢንጅነር።”

“ፋንም እኮ ይነፍሳል።”

ሳቀባት። ከጓዳው የፍሬገነት ሳል ሲሰማ ግን ሳቁን አቋረጠና ማሽኑን ተሸክሞ ገባ። ኤርጎጌ እየሮጠች አጠገቡ ወዳለው ኮዝሞ ሲቲ፣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ዱካሞ ሶፋው ላይ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል።

“አሁኑኑ ለቡድኑ ንገር። ፕላስተሩን ያንሡ፤ ቢጫ ከበራ ማሽኑ ተበላሽቷል በላቸው። ለፍሬገነት ሌላውን ያምጡላት። ማጠቡንም ይተዉ።”

ዱካሞ ስልኩን አፉ አጠገብ አድርጎ ጉሮሮውን ጠረገ። “ወንድሞች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እባካችሁ ማሽኖቹን ቼክ እያደረጋችሁ። ጌታ ይባርካችሁ።” ላከው።

“ይኸው ነው?” አለች ኤርጎጌ።

“ምን ልበላቸው? ሚስቴ እንዲህ ብላ አዘዘችኝ ልበል? ገብቷቸዋል።”

ወዲያው የአቢሶ ድምፅ መጣ፤ “ቼክ ተደርጓል ወንድሜ፤ እንደ ጉድ ይነፍሳል!” ሌሎቹም ተራ በተራ አሜን አሉበት።

ስልኩ ከእጇ አንድ ክንድ ያህል ነበር የሚርቀው። ልትነጥቀው ትችል ነበር፤ አልነጠቀችውም። ሳምንት ሳይሞላ ፍሬገነት ሞተች። ምሕረቱ በስልክ ሲያለቅስ “ማሽኑ እስከ መጨረሻው አፍንጫዋ ላይ ነበር፤ ይነፍስ ነበር” አለ። ኤርጎጌ ይህን ስትሰማ ወጥ ቤት ገብታ መስኮቱን ከፈተችው፤ በዚያ ብርድ።

ከዚያ ዱካሞ ራሱ ታመመ። ጊዜውም ከመጥፎ የባሰ ነበር። በከተማው ሁከት ተነሥቶ ሱቆች የተዘረፉበት፣ መንገዱ በሚነድ ጎማ የተዘጋበት ሳምንት ነው። አምቡላንስ ቢደወል አይመጣም። ጣቱ ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ቁጥሩ በየሰዓቱ ይወርዳል። ኤርጎጌ በሆዱ አስተኛችው፤ መስኮቱን ሁሉ ከፈተች። አቢሶ በጠዋት በጓሮ መንገድ ተሽሎክልኮ ማሽኑን አመጣ። ሌሎቹ በሽተኛ ላይ ስለነበሩ ያው የፍሬገነት ማሽን ነበር፤ ጂክ ጂክ ይሸታል፤ ፕላስተሩም በቦታው አለ።

ቱቦውን በዱካሞ አፍንጫ ላይ አደረጉት። መለኪያው ንቅንቅ አላለም። ኤርጎጌ ፕላስተሩን ላጠችው፤ ቢጫው መብራት ቦግ ብሎ ታየ።

“ሠላሳ ጊዜ ነግሬሃለሁ አልልህም” አለችው አቢሶን። “አንድ ጊዜ ነው የነገርኩህ። አሁን ልከፍተው ነው።”

“የሕዝብ ንብረት ነው እህቴ! ብታበላሺው ማን ይጠየቃል? ጋሽ ሽጉጤን ሳልጠይቅ…”

“ደውልላቸው።”

ደወለላቸው። የጋሽ ሽጉጤ ድምፅ በላውድ ስፒከር ከቶኮዛ መጣ። “ዱካሞን ስጡኝ እስቲ። ዱካሞ፣ አንተ ምን ትላለህ ወንድሜ? የቤቱ ራስ አንተ ነህ።”

ዱካሞ ፊቱ ትራሱ ውስጥ እንደተቀበረ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። በቤቱ ውስጥ የማሽኑ ንፋስ ብቻ ይሰማል።

ኤርጎጌ አልጠበቀችም። ማሽኑን ነቅላ ወደ ግቢው ጎተተችና በውጭ ባለው ሶኬት ሰካችው። አንድ የእንጨት ስንጥር ለኩሳ ነበልባሉን እፍ አለችበት፤ ጫፉ ላይ ፍሙ ቀረ። ፍሙን ከቱቦው አፍ ፊት ያዘችው።

“እይ አቢሶ። ኦክስጅን ቢሆን ይህ ፍም ነበልባል ሆኖ ይነሣ ነበር።”

ፍሙ በንፋሱ ትንሽ ቀላ፤ ከዚያ አመድ ለበሰና ጠፋ። አቢሶ አፈጠጠ። መዳፉን እንደ ልማዱ ወደ ቱቦው ዘረጋና መሐል ላይ መለሰው። ምን እንዳሰበ ኤርጎጌ አወቀች፤ እርሷም ያንኑ እያሰበች ነበር። የፍሬገነትን ስም ግን ሁለቱም አልጠሩም።

“ይሠራል ይህ ነገር?” አለ በመጨረሻ።

“ፍሬዎቹ አልቀዋል፤ ባለው አይሠራም። ያ ሰሞኑን ከባኪህ ላይ ወድቆ ሞተሩ ሞተ የተባለው ማሽን የት ነው? የእሱ ውስጡ ደኅና መሆን አለበት። እሱን ነቅዬ እዚህ እገጥማለሁ።”

“ጋሽ ሽጉጤ ዕቃ ቤት ነው። ቶኮዛ።”

ከኮዝሞ ሲቲ ቶኮዛ ማለት ያን ሳምንት ከእሳት ወደ እሳት ማለት ነው። አቢሶ ጭምብሉን ሳበና የባኪውን ቁልፍ አወጣ። እንደ ሌላ ጊዜው ኢንጅነር አላላትም። “እህቴ፣ እስክመጣ አቆዪው” ብሎ ወጣ።

ያን ቀን ፀሐይዋ የቆመች መሰለ። ኤርጎጌ የባሏን ጀርባ እየደገፈች “ሳብ፣ ቀስ ብለህ ሳብ” ትለዋለች። ፊቤ በመስኮት በኩል ውኃ ታቀብላለች። አቢሶ ሊመሽ ሲል ተመለሰ፤ የባኪው የፊት መስታወት በድንጋይ ተሰብሯል፤ ማሽኑን ግን ደረቱ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ግቢው ውስጥ ብርድ ልብስ አንጥፈው ሁለቱንም ከፈቱ።  አቢሶ ያዝ ሲባል ይይዛል፤ ፍታ ሲባል ይፈታል፤ አንዲት ቀልድ አልወጣውም። ሲጨርሱ እንደገና ስንጥር ለኮሰችና እፍ ብላ ፍሙን ወደ ቱቦው አስጠጋችው። ፍሙ ቦግ ብሎ በነበልባል ተነሣ። አቢሶ ወደ ኋላ አፈገፈገና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

“ጌታ ሆይ” አለ። “ጌታ ሆይ፣ ምን አደረግኩ?”

ዱካሞ ተረፈ። መለኪያው ቀስ በቀስ ወጣ፤ በማግሥቱም ሾርባ ጠጣ። መንገዱ ሲከፈት በቤት ራሶች ቡድን ላይ የጋሽ ሽጉጤ ድምፅ ተለቀቀ። ወንድማችን አቢሶ ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ፣ የተበላሸውን ማሽን ጠግኖ ወንድማችንን ዱካሞን ከሞት አትርፎልናል፤ እጁን ጌታ ይባርክ የሚል ነበር። አሜኑ ጎረፈ። አቢሶ ራሱ ለኤርጎጌ ደወለላት። “እኔ እንደዚያ አላልኩም እህቴ። እውነቱን ነው የነገርኳቸው። ተወው አሉኝ” አላት።

ከዚያ ጋሽ ሽጉጤ ደወሉ።

“ልጄ ኤርጎጌ፣ ጌታ ያየልሽን እኔም አይቻለሁ። ቅር እንዳይልሽ። ነገሩን አስቢው፤ ያንቺ ስም ከተነሣ ‘መቼ ነው ያወቀችው?’ ይባላል። ያን ጊዜ ፍሬገነት ትነሣለች። ምሕረቱ ምን ይሆናል? አቢሶስ? ባልሽስ? ለሰላም ብለሽ ዝም በይው። ከእንግዲህ ማሽን ሲበላሽ አቢሶ አንቺ ዘንድ ያመጣዋል፤ ትሠሪዋለሽ፤ እሱ ያደርሰዋል። ሁሉም ይጠቀማል።”

በራንድበርጉ ግድግዳ ጀርባ የቆመች መሰላት። “ማሽኑን አምጡት፤ እሠራለሁ” አለች። “ሰው ትንፋሽ እያጠረው አልቀበልም አልልም። ዝም በይ ያሉኝን ግን አስብበታለሁ ጋሼ።”

ብዙ አላሰበችበትም። እሑድ ዕለት ዱካሞን፣ “ምሕረቱ ዘንድ እሄዳለሁ” አለችው።

“ምን ልትይው?”

“የሆነውን።”

“ስለ እኔም?”

“የሆነውን ነው ያልኩህ።”

 ዱካሞ እያለከለከ ተነሥቶ መኪናውን እርሱ ነዳ። ደርሰው ግን ሊወርድ አልቻለም፤ መሪውን ይዞ ቀረ።

ምሕረቱ በተዘረፈው ሱቁ ውስጥ በባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። መደርደሪያው ሁሉ ባዶ ነው። እንዳያት ሳትጠይቀው መናገር ጀመረ፤ ለመጣው ሁሉ የሚናገረውን ነበር የደገመላት።

“እኔ ነኝ የገደልኳት። ውኃ ጠማኝ ስትለኝ ቱቦውን አነሣሁት። አንዲት ጉንጭ እስክትውጥ ነው ያነሣሁት። ያኔ ነው መሰለኝ ያመለጠችኝ።”

ኤርጎጌ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች።

“ምሕረቱ፣ ስማኝ። ቱቦውን ማንሣትህ አልገደላትም። በቱቦው የሚመጣው ባዶ አየር ነበር። ማሽኑ አስቀድሞ ሞቷል። አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም።”

ምሕረቱ ቀና አለ። “አውቀሽ ነበር?” አላት።

“አውቄ ነበር። ደጅህ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ።”

“ታዲያ?”

“ተናግሬ ነበር። አልደረሰም።”

ምሕረቱ ዓይኖቹን ከእርሷ ላይ አንሥቶ በባዶው መስኮት በኩል ወደ ቆመው መኪና፣ መሪውን ይዞ ወዳቀረቀረው ሰው ተመለከተ። ከዚያ በሁለት መዳፉ ፊቱን ሸፈነና ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው አለቀሰ።

ነገሩ ተሰማ። ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ጋሽ ሽጉጤ ኤርጎጌን ሲያዩ ሰላምታቸውን ከሩቅ አደረጉት። ዱካሞን ያልወቀሰው ሰው የለም፤ እርሷንም “ባሏን ለሕዝብ የሰጠች” ያሉ አሉ፤ ከእነርሱ መካከል ሴቶች ይበዙ ነበር። ያም ሆኖ አንዳንዶቹ በሽተኛ ሲይዛቸው በባላቸው በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለእርሷ መደወል ጀመሩ። ሲያ ኃላፊነቱን ለቆ የራሱን ሥራ ሲከፍት አስታወሳትና ጠራት፤ የቀጠራትም በረዳትነት ነው። አሁንም ፊርማው የእርሱ ነው፤ ይለወጣል ይላታል። በግቢዋ ያለችው ትንሿ የጥገና ክፍል ደግሞ የተመዘገበችው በዱካሞ ስም ነው፤ የሚሠራ ፔርሚት ያለው እርሱ ስለሆነ።

ዱካሞ ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲደወልና ጉዳዩ ማሽን ከሆነ ሳይሰማ ያቀብላታል። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አንሥተው አልተነጋገሩም።

ፊቤ አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ኢንጅነሪንግ ልትገባ ትፈልጋለች። እናቷ ክፍሏ ውስጥ ማሽን ከፍታ በተቀመጠችበት፣ በሕይወቷ ትልቁ ነገር ምን እንደሆነ ልጅቷ ስትጠይቃት ኤርጎጌ መፍቻውን አስቀምጣ እንዲህ አለቻት።

“ሰው የሚመስለው ስሜ ባለመጠራቱ የምቃጠል ነው። ያቃጥላል፤ አያቃጥልም ብዬ አልዋሽሽም። ግን አክስትሽ ብርሃኔ ስትሞት አንድ ስሙን የማላውቀው ሰው አስቀምጦ እውነቱን ነገረኝ። እሱ ባይነግረኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ገዳይዋ እኔ ነኝ እያልኩ እኖር ነበር። ለምሕረቱ ያደረስኩት እሱን ነው፤ ያ ደስ ይለኛል። ፍሬገነት በሕይወት ሳለች ግን አላደረስኩም። ማሽኑ ሞቷል የሚለውን ነገር የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ለሌላ ሰው አፍ ሰጠሁት። ስልኩ እዚህ ነበር፣ እጄ እዚህ። ሴት ናት ይበሉ፣ ባሏን አዋረደች ይበሉ፣ ይሳቁ። አንቺ የምታውቂውን በራስሽ አፍ ተናገሪ። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው ልጄ፤ የተማርኩትም በሰው ነፍስ ነው።”